ግቢው ሲፈርስ ልጁን ማን ይይዛል?

በቀበሌ ቤት ግቢ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ብድግ ብሎ ከቤት ቢወጣ እናቱ ከሥራዋ ቀና አትልም። ሦስት እርምጃ ሳይራመድ ልብስ የምታጥበው ጎረቤት ታየዋለች። እሷ ብትስተው በር ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ የሚሞቁት አባት «አንተ! ወዴት ነው?» ይሉታል። እሳቸው ቢያንቀላፉ ከግቢው በር ውጭ ጉልት የዘረጋችው ሴት እጁን ይዛ ትመልሰዋለች። ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ ግን ሥራ ብሎ የጠራው፣ ደመወዝ የቆረጠለት ሰው የለም። የልጁ ሞግዚት ግቢው ነበር።

ያ ግቢ በአዲስ አበባ እየጠፋ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሰዉን ከመሀል ከተማ እያወጣ ወደ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ወሰደው። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጀመሪያ ፒያሳን፣ ቀጥሎ ካዛንቺስን ሲያነሳ፣ ቀሩ የተባሉት ግቢዎችም ተራቸው ደረሰ። ስለ ቤቱ ጥራት፣ ስለ ርቀቱ፣ ስለ ታክሲ ሰልፉ ብዙ ይወራል። ከግቢው ጋር አብሮ ስለፈረሰው የልጅ ጥበቃ ግን የሚያነሳ እምብዛም ነው።

የድሮውን ግቢ ማሞካሸትም አይገባም። ለአሥርና አሥራ አምስት አባወራ አንድ ሽንት ቤት፣ በበሩ ሥር የሚያልፍ ክፍት ቦይ፣ ክረምት ሲገባ የማይቀር የልጆች ተቅማጥ ነበረበት። ኮንዶሚኒየም ይህን አስቀርቷል። በምትኩ ያመጣው በሩ የተዘጋ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰቀለ ቤት ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ልጅን በዓይን የሚከተል ሰው በሰዓት ተለክቶ መገኘት አለበት።

ስንት ሰዓት? ከሕጉ እንነሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው። ብዙ ሴቶች እስከ ምጣቸው ዋዜማ ሠርተው የፊተኛውን 30 ቀን ወደ ኋላ ለማሻገር ያስባሉ፤ አዋጁ ግን ቀድማ ለወለደች ሴት 90 ቀኑን ያኔውኑ መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ ሕፃኑ ሦስት ወር ሲሞላው እናት ቢሮ ትገባለች። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ በበኩሏ «እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውሃም እንዳትሰጪው» ብላታለች። አንዱ መንግሥት በአንድ እጁ ስድስት ወር ይላል፣ በሌላው ሦስት ወር ይፈቅዳል። የዓመት ፈቃድ ቢታከልበት ለመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑዱን ጨምሮ ሦስት ሳምንት ገደማ ያሸጋግራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ረጅም ነው። ከኮዬ ፈጬ ተነስታ ሜክሲኮ አካባቢ የምትሠራ እናት 2 ሰዓት ተኩል ለመድረስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ትወጣለች፤ 11 ሰዓት ተኩል ወጥታ፣ ሰልፉ ከፈቀደ፣ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ቤቷ ትገባለች። 13 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 65። ልጁ አራት ዓመት ሞልቶት ኬጂ እስኪገባ ድረስ ይህ ለ45 ወር ይቀጥላል። ግቢው በነፃ ይሸፍነው የነበረው ይህን ያህል ሰዓት ነው።

ክፍተቱን የምትሞላው ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛ ናት። በደላላ ትመጣለች፣ ተያዥ ትጠየቃለች፣ ብዙዎቹ ከገጠር ከመጡ ብዙም አልቆዩም። አዋጅ 1156 የቤት ውስጥ አገልግሎትን ከራሱ ውጭ አድርጎ፣ ሌላ ደንብ ይወጣለታል ብሎ አልፎታል። ስለዚህ የሥራ ሰዓቷም፣ የዕረፍት ቀኗም፣ ስትሄድ የምትሰጠው ማስጠንቀቂያም በሁለቱ ስምምነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንድ ቀን ጠዋት «ወደ ዓረብ አገር ልሄድ ነው» ብላ ሻንጣዋን ብታነሳ የሚያስቆማት የለም፤ እሷም ያለአግባብ ብትባረር የምትከስበት መንገድ ቀጭን ነው። አሠሪዎች ሠራተኛ አይበረክትም ብለው ያማርራሉ። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የቅጥሩ ቃል ላይ ነው። «ልጅ ትይዣለሽ» ተብላ የመጣች ልጅ ውሃ ትቀዳለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፤ ልጁ ከሥራዎቿ መካከል አምስተኛው ይሆናል።

ከአምስቱ መካከል ከልጅ ጋር ፈጽሞ የማይሄደው እንጀራ መጋገር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከጠፋ በኋላም ለብዙ ደቂቃ ያቃጥላል፤ መልኩ ግን አይለወጥም፣ ጭስም የለው፣ የሚዳኸውን ልጅ «እሳት ነው» የሚል ምንም ምልክት አይሰጠውም። ገመዱ ደግሞ ወለል ላይ ተዘርግቶ ይውላል። ስቱዲዮ ወይም ባለአንድ መኝታ ቤት ውስጥ ማዕድ ቤቱን በበር መዝጋት ብዙ ጊዜ አይቻልም። እንግዲህ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጋገራው ወላጅ ቤት ወደሚውልበት ቅዳሜ ይዛወር፣ ካልሆነም እንጀራ ይገዛ። ሠራተኛዋን «ተጠንቀቂ» ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ሁለት እጅ ነው ያላት።

ርክክቡም ቸል ይባላል። አዲስ ሠራተኛ እሑድ ማታ ገብታ ሰኞ ጠዋት ብቻዋን ከሕፃን ጋር የምትቀርበት ቤት ብዙ ነው። እናት ቢያንስ ሦስት ቀን አብራት ብትውል፣ የመጀመሪያውን ቀን እናት እየሠራች ሠራተኛዋ ታያለች፣ ሁለተኛውን ቀን ሠራተኛዋ እየሠራች እናት ታያለች፣ ሦስተኛውን ቀን እናት ለሁለት ሰዓት ወጥታ ትመለሳለች። ግድግዳ ላይ በሠራተኛዋ ዓይን ልክ የሚለጠፍ ወረቀት ያስፈልጋል፦ የሁለቱም ወላጅ ስልክ፣ የአንድ ጎረቤት ስልክ፣ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 ለእሳት አደጋ። ማንበብ የማትችል ከሆነ ቁጥሮቹ ስልኳ ላይ በፎቶ ይመዝገቡ። የብሎክ ቁጥሩን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ዓይነት ቀለም የተቀቡ ሃምሳ ሕንፃዎች መካከል አምቡላንስ የሚጠፋው እዚያው ሳይት ውስጥ ገብቶ ነው።

ወደ ወተቱ እንመለስ። ሥራ የገባች እናት ጡቷን አልባ ማስቀመጥ ትችላለች፤ ብዙዎች ግን «ይበላሻል» ብለው ይተዉታል። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ይመቻል። ቤቱ ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ የታለበ የእናት ወተት ያለ ማቀዝቀዣ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን። በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚሞቀው ያ ቦታ ነውና። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ከሞቀ 4 ሰዓቱ መብራቱ ከጠፋበት ይቆጠራል። ሲሰጥ ዕቃውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማሞቅ ነው፤ እሳት ላይ አይጣድም። ልጁ ጀምሮ የተረፈው ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይደፋል። ከጡጦ ይልቅ ስኒና ማንኪያ ይሻላል። ሕፃኑ ያን ያህል ይወደዋል ማለት አይደለም፤ የጡጦ ጫፍና አንገት በደንብ ለማጠብ ብሩሽና ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው።

ቢሮ ውስጥ የምታልብበት ቦታ የት ነው? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚያቆዩበት ክፍል እንዲያዘጋጁ አዞ ነበር፤ አንዳንድ ሚኒስቴሮችም ጥሩ ማቆያ ከፍተዋል። ነገር ግን ማቆያው ያለው ቢሮ ነው፣ ልጁ ያለው ኮዬ ፈጬ። የሦስት ወር ሕፃን ታቅፎ በ12 ሰዓት ተኩል ሚኒባስ መጋፋት ስለማይታሰብ የሚጠቀሙበት በአብዛኛው ቅርብ የሚኖሩት ወይም ሰርቪስ ያላቸው ናቸው።

ስድስት ወር ሲሞላ ምግብ ይጀመራል፣ እዚህ ደግሞ ሌላ ስህተት ይገባል። ምጥኑ በብዙ እህል ተፈጭቶ ይመጣል፤ አሥራ ሁለት ዓይነት እህል ያለበት ይበልጥ የሚያሳድግ ይመስላል። ከዚያ በቀጭኑ ተበጥብጦ በጡጦ ይሰጣል። የልጁ ሆድ በውሃ ይሞላል፤ ጠገበ ይባላል፤ ኪሎው ግን ባለበት ይቆማል። መለኪያው ማንኪያ ነው። ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ገንፎው ወዲያው ከፈሰሰ ቀጥኗል፤ ቀስ ብሎ ከወረደ ልክ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በመሀል መክሰስ። ዘይት ወይም ቅቤ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ የተቀቀለ እንቁላል የተፈጨ። በጾም ወራት እንቁላሉ የሚቀርባቸው ልጆች አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ጹም አትልም፣ እናትም ታውቃለች፤ የምትፈራው ድስቱ እንዳይነካባት ነው። የልጅ የብቻ ድስት፣ ማንኪያና ሳህን ተለይቶ ቢቀመጥ ጉዳዩ ያልቃል። የአንድ ትንሽ ድስት ዋጋ ነው።

አሁን ቤቱን እንየው። ለልጅ አደገኛው የኮንዶሚኒየም ክፍል ብዙ ሰው እንደሚገምተው በረንዳው ብቻ አይደለም፤ መታጠቢያ ቤቱም ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በመጣበት ሌሊት በርሜሉ፣ ባልዲው፣ ሳፋው ሁሉ ይሞላል፣ ክዳን ያለው ጥቂቱ ነው። መዳህ የጀመረ ልጅ ጭንቅላቱ ለሰውነቱ ከባድ ነው። ባልዲ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ከገባ ራሱን መልሶ ማውጣት አይችልም፤ አንድ ስንዝር የማይሞላ ውሃ ይበቃዋል፣ ድምፅም አያሰማም። ስለዚህ ውሃው በተቻለ መጠን ክዳናቸው በሚጠብቅ ጀሪካኖች ይቀመጥ፤ ሳፋው ባዶውን ይደፋ፤ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ልጁ በማይደርስበት ከፍታ መቀርቀሪያ ይመታ። መቀርቀሪያው ከውጭ በኩል መሆን አለበት፤ ከውስጥ ያለው ደግሞ ይነቀል፣ ልጅ ራሱ ላይ ቆልፎ በር የተገነጠለበት ቤት ጥቂት አይደለም።

በረንዳው ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው የብረቱ ክፍተት ነው፤ ከ10 ሳንቲሜትር የሰፋ ከሆነ ትንሽ ልጅ ሾልኮ ሊያልፍበት ይችላል። የብረት መረብ በሽቦ ማሰር ርካሹ መንገድ ነው፣ የጠለፋው ሹል ጫፍ ወደ ውጭ ይዞር። ሁለተኛው ከብረቱ ሥር የሚደረደረው ዕቃ ነው። ባዶ ጀሪካን፣ የአበባ ባልዲ፣ የቢራ ሳጥን፣ አሮጌ ወንበር ለሁለት ዓመት ልጅ መሰላል ናቸው። ከደረጃው ብረት አጠገብም እንዲሁ፤ ኮሪደሩ የጋራ ስለሆነ ዕቃውን ያስቀመጠው የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ የሚወጣበት ልጅ ግን የሁሉም ነው።

በረኪና ከሱቅ በጠርሙሱ ከመጣ አደጋው ያንሳል። ከሰፈር በሃይላንድ ተቀድቶ የመጣው ነው ጣጣው። ልጁ በሃይላንድ ውሃ ሲጠጣ ነው ያደገው፤ ክዳኑን መክፈትም ያውቃል። የጠጣ ልጅ በጣት ጉሮሮ ተነክቶ አያስመልስ፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ ደግሞ ያቃጥላል። አፉን ማጠብ፣ ጠርሙሱን መያዝ፣ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ሻይ የተሞላ ፔርሙዝ፣ የጀበና ቡና፣ ከጠረጴዛ ጫፍ የተንጠለጠለ ጨርቅ፤ ሦስቱ አንድ ታሪክ ናቸው። ልጅ ሲቃጠል የሚደረገውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ አብዛኛውም ስህተት ነው፦ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል። ሙቀቱን አፍነው ያስቀራሉ፣ ሐኪሙም ቁስሉን ለማየት እነሱን መፋቅ አለበት። የሚሠራው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ለ20 ደቂቃ። ቧንቧው ደርቆ ከሆነ አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ በጆግ በደቂቃ አንድ ሊትር እየተንቆረቆረ ከፈሰሰ ልክ 20 ደቂቃ ይሆናል። ከሥር ሳፋ ቢደረግ ያው ውሃ ደግሞ ይፈሳል። በረዶ አይደረግም። ልብሱ ቆዳው ላይ ከተጣበቀ አይጎተት፤ ቀሪው አካል ግን እንዳይበርደው ይሸፈን።

ስለ ቆሎ ጥቂት እንበል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚወጣ ነውና። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፣ ሱፍ፤ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አንዱም አይሰጥም፤ እየሮጠ ሲሆን ደግሞ በፍጹም። ቢያንቀው፣ ማሳል ከቻለ ያስል፣ አይነካ። ድምፁ ከጠፋ ግን ከዓመት በታች የሆነውን በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ በመዳፍ መምታት፣ ገልብጦ በሁለት ጣት ደረቱን 5 ጊዜ መጫን። ከዓመት በላይ ለሆነው ጀርባውን 5 ጊዜ መትቶ፣ ከኋላ አቅፎ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መግፋት። እስኪወጣ እየተፈራረቁ። ጣት አፉ ውስጥ አስገብቶ መፈለግ ቆሎውን ወደ ታች ይገፋዋል።

ሠራተኛ ያልቀጠረ ወይም የሰለቸው ወላጅ ወደ ሕፃናት ማቆያ ይሄዳል። ብዙዎቹ ምድር ቤት የተከራዩ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ናቸው። ግድግዳው ላይ ስለተሳለው አንበሳና ቀጭኔ ብዙ አትጨነቁ። ያልዳኸ ሕፃን ከሆነ አንዲት ተንከባካቢ ከሦስትና ከአራት በላይ እንዳትይዝ፣ ፖፖ የምታጥበው ሰው ምግብ የምታበላው እንዳትሆን፣ ልጁን ማን ሊወስድ እንደሚችል በስም የተጻፈ ዝርዝር በሩ ላይ እንዳለ ማረጋገጥ ይበቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይነግሩ ቀትር ላይ ብቅ ማለት ነው። ሃያ ልጅ በአንድ ጊዜ ጸጥ ብሎ የሚተኛበት ወይም ሃያውም ቴሌቪዥን ላይ ያፈጠጠበት ቤት ሰው ያንሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ከዓመት በታች ስክሪን ጭራሽ አይመከርም፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይላል፤ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን 3 ሰዓት እንቅስቃሴ።

ሦስት ሰዓት የት ይንቀሳቀስ? በሕንፃዎቹ መካከል ባዶ ቦታ አለ፤ መኪና ቆሞበታል። ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት ስምንት ሳጥን በጠመኔ ይሰመራል፤ በሁለት ረድፍ አራት አራት ቢሆን፣ ሳጥኑ ግማሽ ሜትር ቢሆን፣ አንድ በሁለት ሜትር መሬት ይፈልጋል። ለመዝለያ ዙሪያውን ቢጨመር እንኳ ከአንድ ቪትዝ አያልፍም። አንድ ቪትዝ ከቆመችበት ብትነሳ ስድስት ልጅ ይጫወታል። ይህ የልመና ጉዳይም አይደለም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ግቢውን፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውን የሁሉም የቤት ባለቤቶች የጋራ ንብረት አድርጎ አስተዳደሩን ለማኅበራቸው ሰጥቷል። መኪና ማቆሚያውን የሚያከራየው ማኅበር ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት አንድ ጥግ በድንጋይ ዘግቶ ለልጆች ሊያደርገው ይችላል፣ መኪኖቹ ያኔ ሥራ ላይ ናቸው። ለጋራ ማብሰያና ማጠቢያ ተብለው የተሠሩት ቤቶችም በየሳይቱ ወደ ሱቅና ወደ መጋዘን ተቀይረዋል። ከተማው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በወር አንድ እሑድ አንዳንድ ጎዳናዎችን ዘግቶ ሰዉን በእግሩ ያስኬዳል፤ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን በወር አንድ ጠዋት ነው፣ ያውም ታክሲ ተሳፍረው የሚደርሱበት።

ማኅበሩ ለምን አያደርገውም? ስብሰባ የሚጠራው ባለቤቱን ነው፤ እዚያ የሚኖረው ግን ብዙው ተከራይ ነው። ተከራይ ደግሞ በየዓመቱ ኪራይ ሲጨመርበት ይነሳል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ የቅርቡ ጎረቤት በመስከረም ገብቶ በሰኔ የሚወጣ ከሆነ ግን ቁልፍ አይሰጠውም፣ ልጅም አይሰጠውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን አስገድዷል። ስለ ዋጋ የወጣ ሕግ ነው፤ በተዘዋዋሪ ግን ስለ ልጅም ነው። ሁለት ዓመት አንድ ፎቅ ላይ አብሮ የቆየ ሰው የጎረቤቱን ልጅ በስሙ ይጠራዋል።

ይህ መተማመን እስኪመጣ የሚሠራ አንድ መንገድ አለ፣ ስሙም አዲስ አይደለም፦ እቁብ። በብር ፈንታ ሰዓት ነው የሚጣለው። አንድ መግቢያ የሚጠቀሙ አራት ቤተሰቦች ይሰባሰባሉ። ቅዳሜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት አንዷ ቤት ሁሉም ልጆች ይውላሉ፣ ሦስቱ ገበያ ይሄዳሉ ወይም ይተኛሉ። በአራት ሳምንት ዕጣው ይዞራል። ከአራት ቤት በላይ ሲሆን ይበላሻል፤ አንድ ሰው ስድስት ሰባት ልጅ መያዝ አይችልምና። ከዓመት በታች ያለ ሕፃን ባይገባበት ይሻላል፣ እሱ ብቻውን አንድ ሰው ይፈልጋል። ያተኮሰው፣ ያስቀመጠው ወይም የሚያስለው ልጅ በዚያ ሳምንት ይቀራል። ምግብ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ በምሳ ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ ያለዚያ በሦስተኛው ሳምንት ፉክክር ይጀመርና ጭኮና ኬክ የማታቀርብ እናት ታፍርበታለች። ስልክ አይሰጥም። ቀኗን ያልቻለች ሴት ዕጣዋን ትለዋወጣለች እንጂ ሠራተኛዋን አትልክም። ብዙው የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሠራተኛዋ የአራት ቤት ልጆች ብቻዋን ይዛ ትቀራለች፣ በሚቀጥለው ሰኞም ሻንጣዋን ታነሳለች። አባቶችም ዕጣ ይገባሉ፤ ልጅ መያዝ የማይችል አባት ቢያንስ ጠመኔና ኳስ ይዞ ልጆቹን ወደ ታች ያወርዳል፣ ቪትዟንም ያስነሳል።